አሮጌ መጽሐፍ በመመረቂያ ጽሑፍ ጠራዦች እጅ፦ የባሕር ዳር ጥረዛ ቤቶች ሲገመገሙ

ባሕር ዳር ላይ የተገነጣጠለ መጽሐፍ ለማስጠረዝ የሚኬደው በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳና የፖሊ ግቢዎች ዙሪያ ወዳሉት የፎቶ ኮፒና የኅትመት ቤቶች ነው። ዋና እንጀራቸው የመመረቂያ ጽሑፍ ነው፤ ልብ ወለድ፣ የግጥም መድበል ወይም የታሪክ መጽሐፍ የሚመጣላቸው አልፎ አልፎ ነው። ይህ ግምገማ አገልግሎቱን በጠቅላላ እንጂ አንድን ቤት አይመለከትም። የተጻፈውም ቤቱ መጻሕፍት ሰብስቦ ለንባብ ጓደኞቹ ለሚያውስ ሰው ነው። ለብቻው የሚያነብ ሰው ጀርባው የላላ መጽሐፍ እንኳ ተጠንቅቆ ይዞ ብዙ ዓመት ሊያቆይ ይችላል። በአምስትና ስድስት አንባቢ እጅ የሚዞር፣ በባጃጅ የሚሄድ፣ ትራስ ሥር የሚያድር መጽሐፍ ግን የሚተርፈው በጥረዛው ጥንካሬ ብቻ ነው።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ለመመረቂያ ጽሑፍ ሥራቸው ቀጥ ያለ ነው፤ ካርቶኑ ጠንካራ፣ ማዕዘኑ የተስተካከለ፣ ወርቃማው ፊደል ንጹሕ። ለመጽሐፍ ግን እንደ ልማዳቸው ከተተዉ አብዛኞቹ መጽሐፉን አሳምረው ያበላሹታል። ምን እንደማይቆረጥና ምን እንደሚሰፋ በግልጽ ከተነገራቸው ደግሞ እነዚያው እጆች ለብዙ ዓመት የሚበቃ ሥራ ይሠራሉ። ስለዚህ የጥረዛው ጥራት ግማሹ ያለው አስጠራዡ አፍ ውስጥ ነው።

የሚበላሽበት ምክንያት የሒሳብ ጉዳይ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ በኤ4 ወረቀት፣ በአንድ ገጽ ብቻ የሚታተም ሲሆን በስተግራው ለጥረዛ ብሎ 3 ሳ.ሜ. ወይም ከዚያ በላይ ባዶ ይተዋል። ጠራዡ ጀርባውን በመቁረጫ ማሽን 3 ሚ.ሜ. ያህል ይላጨዋል፣ ከዳር 1 ሳ.ሜ. ገባ ብሎ ይሰረስራል ወይም በወፍራም የስቴፕለር ሽቦ ይመታዋል፣ ከዚያ ካርቶን ያለብሰዋል። 30 ሚ.ሜ. ሲቀነስ 13 ሚ.ሜ.፣ 17 ሚ.ሜ. ይተርፋል፤ ጽሑፉ በምቾት ይነበባል። አንድ መደበኛ የአማርኛ ልብ ወለድ ግን የውስጥ ኅዳጉ 15 ሚ.ሜ. አካባቢ ነው። ያው 13 ሚ.ሜ. ሲሄድበት 2 ሚ.ሜ. ይቀረዋል። በግራ ገጽ የመስመሩ የመጨረሻ ፊደላት፣ በቀኝ ገጽ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ስፌቱ ውስጥ ይሰምጣሉ። አንባቢው እነሱን ለማየት መጽሐፉን በሁለት እጁ ይፈለቅቀዋል፤ በዚህ ጊዜ ወረቀቱ በሽቦው መስመር ላይ ይታጠፍና አንድ ቀን እዚያው ላይ ይቀደዳል። ሽቦው ራሱ ደግሞ በክረምት ይዝጋል፤ ዝገቱ ወደ ወረቀቱ ይዘልቅና ዙሪያውን ይበላዋል። በጎን የተመታና የተሰረሰረ መጽሐፍ ሌላም ጣጣ አለው፦ ሁለተኛ ማስጠረዝ ቢያስፈልግ የሚቆረጥ ኅዳግ አልቋል።

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት መጽሐፉ የትኛው ዓይነት እንደሆነ እወቁ። ራሱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጀርባውን ከአናቱ በኩል ተመልከቱ። ወረቀቶቹ በየስምንት ቅጠሉ ወይም በዚያ አካባቢ እየታጠፉ በቡድን በቡድን የተቀመጡ ከሆነ መጽሐፉ በጥራዝ (ቡድኑ ጥራዝ ይባላል) የተሰፋ ነው፤ እያንዳንዱን ቡድን መሀሉ ላይ ስትከፍቱት ክር ታገኛላችሁ። ጀርባው ላይ እጥፋት የሌለው፣ ወረቀቱ አንድ ላይ ተቆርጦ በሙጫ ብቻ የተያዘ ከሆነ ደግሞ የነጠላ ቅጠል መጽሐፍ ነው። አሁን በገበያ ላይ ካሉት ለስላሳ ሽፋን መጻሕፍት አብዛኞቹ ይህ ሁለተኛው ናቸው። በሙቀት የሚቀልጠው ሙጫ እያረጀ ሲሄድ ይደርቃል፤ መሀል ላይ ገልበጥ ሲደረግ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ ቅጠል ተራ በተራ መውጣት ይጀምራል። ሦስተኛው ዓይነት ሲታተም ጀምሮ በጎኑ በሽቦ የተመታ ቀጭን መጽሐፍ ነው፤ እሱን ሽቦውን በጥንቃቄ ነቅሎ፣ በዚያው ቀዳዳ በክር መስፋት ብቻ ይበቃዋል።

የተሰፋ መጽሐፍ ካላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። በየትኛውም ሁኔታ ጀርባው ለመቁረጫ ማሽን እንዳይሰጥ። አንዴ ከተቆረጠ እጥፋቱ ይጠፋል፤ ስምንቱ ቅጠል ስምንት ብጥስጣሽ ይሆናል፤ ያንን የሚመልስ ጥበብ የለም። ጠራዡን ስታነጋግሩ ዙሪያውን አትዙሩ፤ «ወንድሜ፣ ጀርባውን በማሽን እንዳትነካብኝ። እየፈታህ በየጥራዙ መሀል በመርፌ ስፋልኝ፤ ለድካምህ የጨመርከውን እከፍላለሁ» በሉት። ፈቃደኛ ካልሆነ አመስግናችሁ ወደ ሚቀጥለው ቤት ሂዱ። መርፌ የሚያውቅ ሰው በየቤቱ ላይኖር ይችላል፤ ሲገኝ ግን ሥራው ከማሽኑ ጋር አይወዳደርም።

መርፌው ምን እንደሚችል በዓይኑ ማየት የፈለገ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ የሚወስደው ዘጌ ላይ የዑራ ኪዳነ ምሕረት ዕቃ ቤት አለ። (የደሴት ገዳሙ ክብራን ገብርኤልም መጻሕፍት አሉት፤ ሴቶች ግን አይገቡበትም፤ ስለዚህ ወንድም ሴትም ያለበት የአንባቢ ቡድን ዑራን ይምረጥ።) እዚያ ያሉትን የብራና መጻሕፍት ስታዩ ዓይናችሁን ከሥዕሉ ለጊዜው አንሡና ጀርባቸውን አጥኑ። ብራናው እየታጠፈ ጥራዝ ይሆናል፤ ጥራዞቹ አንዱ ከሌላው ጋር በክር ሰንሰለት ይያያዛሉ፤ ክሩ የእንጨት ገበታውን ጠርዝ በስቶ ያልፋል። ሽፋኑን ከመጽሐፉ ጋር የያዘው ክሩ ነው። ስለዚህ ካህኑ መጽሐፉን ገልጦ አትሮንስ ላይ ሲያሳርፈው ግራና ቀኙ ተዘርግቶ ይቀመጣል፤ ጀርባው ሳይሰበር ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሳይነበብ ሲቀር በቆዳ ማኅደር ገብቶ ከግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ከመሬት እርጥበትም ከአይጥም ይርቃል። ለወረቀት መጽሐፍ የእንጨት ገበታ አያስፈልግም፤ ስፌቱ ግን እንዳለ ይሠራል። የሠለጠነ ጠራዥ ፎቶውን ቢያሳዩት ይገባዋል።

ለወረቀት የሚሆነው ክር ወፍራም መሆን የለበትም። ሲባጎ ጥራዙ መሀል ገብቶ ጀርባውን ያሳብጠዋል፤ የልብስ ስፌት ክር ደግሞ ወረቀቱን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። መሀከለኛ ውፍረት ያለው የጥጥ ወይም የተልባ እግር ክር፣ በሰም ቁራጭ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጎትቶ ይቀባል፤ ሰሙ ክሩን ከመተርተርም፣ ቋጠሮውን ከመሸራተትም ይጠብቀዋል። ቀዳዳው በወስፌ ከእጥፋቱ መሀል ላይ ይበሳል፤ ለ21 ሳ.ሜ. ቁመት መጽሐፍ አምስት ወይም ስድስት ቀዳዳ ይበቃል። የውጪኛው ቅጠል እጥፋቱ ተቀድዶ ከሆነ 1.5 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ስስ የወረቀት ቁራጭ ከጀርባው በኩል ተለጥፎ፣ ከደረቀ በኋላ ነው የሚሰፋው። በስኮች የተጠጋገነ መጽሐፍ ከሆነ እዚህ ላይ መከራ ነው፤ የስኮቹ ሙጫ ዓመታት ሲቆይ ቢጫ ዘይት ሆኖ ወረቀቱን ያልፋል፣ ኮላም አይዝለትም። ለዚህ ነው ጓደኛ መጽሐፍ ሲመልስ «በስኮች ደግፌዋለሁ» ከሚል፣ የወጣውን ቅጠል በቦታው ሻጥ አድርጎ ቢመልስ የሚሻለው።

የነጠላ ቅጠሉ መጽሐፍ በኮላ ይሠራል፤ ኮላ ሲባል ግን ቅደም ተከተል አለው። አሮጌው የደረቀ ሙጫ በጣት ተቀርፎ ይነሣል፤ እንቢ ያለው ብቻ ከጀርባው እስከ 1 ሚ.ሜ. ቢላጭ ይፈቀዳል፣ ከዚያ አያልፍም። ቅጠሎቹ ተስተካክለው በሁለት ጣውላ መሀል ሆነው በሞርሳ ይያዛሉ፤ ጀርባው ከጣውላው 2 ሳ.ሜ. ያህል ወደ ላይ ይውጣ። የወጣውን ክፍል ወደ ቀኝ አጎንብሶ ነጭ ኮላ በቡሩሽ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ወዲያው ወደ ግራ አጎንብሶ ሁለተኛ ስስ ቅብ መድገም። በዚህ ጊዜ ኮላው ከየቅጠሉ ጠርዝ አልፎ በሁለቱም ገጽ በኩል በጣም ጥቂት ይገባል፤ ቅጠሉን የሚይዘውም ይህ ጥቂት ነው። ቀጥ አድርጎ ዝም ብሎ የተቀባ ጀርባ የወረቀቱን ቀጭን ጠርዝ ብቻ ስለሚነካ ቶሎ ይለቃል። ከ300 ገጽ በላይ ለሆነ መጽሐፍ በየ2 ሳ.ሜ. ርቀት 1.5 ሚ.ሜ. የሚያህል ጥልቀት ያለው መስመር በመጋዝ ተሥሎ ክር ከኮላ ጋር ይቀበርበታል። በመጨረሻ አቡጀዲ ይለጠፋል፤ ስፋቱ የጀርባው ውፍረት ሲደመር በግራና በቀኝ 2.5 ሳ.ሜ.። ይህ ትርፍ ጨርቅ ነው ገላውን ከካርቶን ሽፋኑ ጋር የሚያገናኘው። ጠራዦች ጊዜ ለማትረፍ የሚዘሉትም ይህንኑ አቡጀዲ ነው፤ ስለዚህ ስትስማሙ በስሙ ጥሩት።

ስለ ኮላ አንድ ነገር እንጨምር። የአናጺ ነጭ ኮላ ያገለግላል፤ ወፍሮ ከተቀባ ግን ደርቆ ጠንካራ ስለሚሆን መጽሐፉ አልከፈት ይላል። ሁለት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ይበልጣል። በዱቄት የተሠራ ሙጫ የሚጠቀሙ አሉ፤ በውኃ ተመልሶ ስለሚለቅ በደረቅ አገር የተመሰገነ ነው። ባሕር ዳር ላይ ግን ክረምቱ ሻጋታን፣ ዱቄቱ ደግሞ በረሮንና ብልን ይጠራል። እኛ ለዚህ ከተማ አንመክረውም።

ካርቶኑ እስከ 300 ገጽ ላለው መጽሐፍ 2 ሚ.ሜ.፣ ከዚያ በላይ ለሆነው 2.5 ወይም 3 ሚ.ሜ. ይሁን። ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚለብሰው ቆዳ መሰል ላስቲክ ያምራል፤ መጋጠሚያው ላይ ግን ከመታጠፍ ብዛት ይሰነጠቃል። ጀርባው ላይ ጨርቅ፣ ፊትና ኋላው ላይ ወረቀት ወይም ያው ላስቲክ ቢሆን ይሻላል። በካርቶኑና በጀርባው መካከል 6 ወይም 7 ሚ.ሜ. ክፍተት ይተው፤ ከጠበበ ሽፋኑ ሲከፈት የመጀመሪያውን ገጽ ይዞ ይነሣል፣ ከሰፋ ገላው ውስጡ ይወዛወዛል። ካርቶኑም ወረቀቱም ጭረታቸው የተኛበት አንድ አቅጣጫ አላቸው፤ በቀላሉ የሚታጠፉበት አቅጣጫ ከመጽሐፉ ጀርባ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ይህ ሲዘነጋ ሽፋኑ በመጀመሪያው ዝናብ ይጎብጣል።

የድሮው ሽፋን አይጣል። አብዛኛው ጠራዥ ቀዶ ቅርጫት ውስጥ ይከተዋል፤ ሥዕሉ፣ የማተሚያ ቤቱ ስም፣ የኋላው ጽሑፍ አብሮ ይሄዳል። አስቀድማችሁ ራሳችሁ አውጡትና በፖስታ ይዛችሁ ቆዩ፤ ሥራው ሲያልቅ ከአዲሱ ሽፋን በኋላ እንደ መጀመሪያ ቅጠል ይግባ። የቀድሞ ባለቤት የጻፈበት የማስታወሻ ገጽም እንዲሁ። የመጽሐፍ ወዳጆች ከማንኛውም ጉድለት በላይ የሚያዝኑት በዚህ ነው፤ ልክም ናቸው።

ወርቃማው ፊደል ጀርባው ላይ እንጂ ፊቱ ላይ አያስፈልግም፤ መደርደሪያ ላይ የሚታየው ጀርባ ነው። ርእሱን በወረቀት በጉልህ ጽፋችሁ ስጡ፤ በቃል ከተነገረ ሀሌታው «ሀ» በሐመሩ «ሐ»፣ ንጉሡ «ሠ» በእሳቱ «ሰ» ተቀይሮ ይመጣና በወርቅ የተጻፈ ስሕተት ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ጊዜውን ምረጡ። ከግንቦት ጀምሮ እስከ ሰኔ መጨረሻ ጠራዦቹ በተመራቂ ተጨናንቀዋል፤ በዚያ ሰሞን የተሰጠ መጽሐፍ ወይ ይረሳል ወይ በችኮላ በሽቦ ይመታል። ሐምሌና ነሐሴ ሰው ይቀንሳል፤ ነገር ግን አየሩ እርጥብ ስለሆነ ነጭ ኮላ በአንድ ሌሊት አይደርቅም፣ ካርቶኑም እርጥበት ይዞ ይጠረዛል። ጥሩው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው። በዚያም ጊዜ ቢሆን «ነገ ጠዋት እሰጥሃለሁ» ለሚል ጠራዥ «ከነገ ወዲያ ይሁን፣ ሌሊቱን ከባድ ነገር ጫንበት» በሉት። ሳይጫን የደረቀ ሽፋን ይጎብጣል፤ ከውስጥ በኩል የተለጠፈው ወረቀት እየደረቀ ሲሳብ የሚያስተካክለው ክብደቱ ነው።

ስትረከቡ አትቸኩሉ። መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ መሀሉ ላይ ክፈቱትና ልቀቁት፤ ሁለቱም ወገን ሳይዘጋ ከቆመ ስፌቱ ወይም ኮላው ልክ ነው። ሦስት አራት ቦታ አንድ አንድ ቅጠል በሁለት ጣት ይዛችሁ በዝግታ ሳቡ። ገጾቹን ከ1 እስከ መጨረሻው ቁጠሩ፤ ቅጠል ተገልብጦ ወይም ቦታ ተለዋውጦ መሰፋት በብዛት የሚያጋጥም ስሕተት ነው፤ እዚያው ካልታየ ወር ቆይቶ የሚያገኘው የተዋሰው ጓደኛ ነው። ለዚህ ሲባል ከመስጠታችሁ በፊት የገጹን ብዛትና የጎደለውን ቅጠል በእርሳስ መጨረሻ ገጽ ላይ መጻፍ ይጠቅማል፦ «ገጽ 312፤ 97–98 የለም»።

አሁን ወደ ውሰቱ። መጽሐፍ በመዋዋስ የቆመ ጓደኝነት የሚቀዘቅዘው ብዙ ጊዜ በተገነጠለ ቅጠል ነው። ሙጫው የደረቀ መጽሐፍ የሚሰበረው በብዙ እጅ እየላላ ቆይቶ ነው፤ ድንገት የሚለቀው ግን በመጨረሻው ሰው እጅ ላይ ነው። ያ ሰው ምንም ያላጠፋ ቢሆንም ያፍራል፤ መጽሐፉን ያቆየዋል፤ ቀጥሎ መምጣት ይቀንሳል። ስለዚህ የጥረዛ ወጪ በመጨረሻው ተዋሽ ላይ መውደቅ የለበትም። አምስትም ስድስትም ሆናችሁ የምትዋዋሱ ከሆነ በወር ትንሽ ትንሽ አዋጡና የጥረዛ ሣጥን ይኑራችሁ፤ በዓመት አንዴ፣ በኅዳር፣ የሁሉንም የተጎዳ መጽሐፍ ሰብስባችሁ በአንድ ጊዜ ውሰዱ። ይህ ሁለት ጥቅም አለው። ጠራዥ ለአንድ ልብ ወለድ መርፌ ማንሣት ይከብደዋል፤ አሥር ሲመጣለት ግን አንድ ሙሉ ቀን ይመድብለታል፣ በዋጋም ይነጋገራል። ደግሞም የመጀመሪያውን ሁለቱን ሠርቶ እንዲያሳያችሁ ማድረግ ይቻላል፤ ስምንቱን የምትለቁለት እሱን ካያችሁ በኋላ ነው።

አዲስ የተጠረዘ መጽሐፍ ከኋላ ባዶ ቅጠል ስላለው ለተዋሾች ስም ይሁን። ቀን፣ ስም፣ ሲወጣ የነበረበት ሁኔታ በአንድ መስመር። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ያ ቅጠል ከቁጥጥር በላይ ይሆናል፤ መጽሐፉን ጨርሶ የሚያወራው ሰው ያጣ አንባቢ ከእሱ በፊት ማን እንዳነበበው እዚያ ያገኛል፤ ስልክ ይደውላል፣ ጣና ዳር ቡና ይዘው ይቀመጣሉ። ከዚህ የበለጠ የጓደኛ ማግኛ ዘዴ አናውቅም። ውሰቱ ለሦስት ሳምንት ይሁን፤ ከወር ያለፈ መጽሐፍ መመለሱ ያጠራጥራል። በክረምት በፌስታል ተጠቅልሎ ይሂድ፤ ቤት ሲደርስ ግን ፌስታሉ ይውለቅ፣ ውስጡ የታፈነ እርጥበት ሻጋታ ያመጣል።

ብል የበላው፣ ትናንሽ ቀዳዳ ያለበት መጽሐፍ ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ ወደ ጠራዥ አይሂድ፣ መደርደሪያም ላይ አይውጣ። በላስቲክ አየር እንዳይገባው ታሽጎ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆይ፤ መብራት ሄዶ ቅዝቃዜው ከተቋረጠ ቆጠራው ከአንድ ይጀመራል። ሲወጣ ላስቲኩ ሳይፈታ አንድ ቀን ይዋል፤ ቀዝቃዛው ወረቀት በቀጥታ አየር ካገኘው ጤዛ ይይዘዋል። የሻገተው ደግሞ ጥላ ያለበት ነፋሻ ቦታ ላይ ቅጠሎቹ ተገልጠው ይድረቅ፤ ሻጋታው በደረቅ ቡሩሽ ከቤት ውጭ ይጠረግ፤ አፍንጫና አፍ ይሸፈን። ፀሐይ ላይ ማስጣት ወረቀቱን ያሰባብረዋል።

ለጠራዥ ጨርሶ የማይሰጥ መጽሐፍም አለ። ቅጠሉ ማዕዘኑ ላይ ሁለቴ ወዲያና ወዲህ ሲታጠፍ ቀንጠብ ብሎ የሚለያይ ከሆነ ወረቀቱ በራሱ አሲድ ተቃጥሏል፤ በደርግ ዘመን በርካሽ ወረቀት የታተሙ ብዙ መጻሕፍት እዚህ ደረጃ ደርሰዋል። ክርም ኮላም አያድነውም፤ ስፌቱ በጠነከረ ቁጥር ቅጠሉ በስፌቱ ጥግ ይሰበራል። እንዲህ ያለውን በልኩ በተቆረጠ የካርቶን ሣጥን አስቀምጡ፣ ለንባብ ኮፒውን ጠርዙ። ኮፒውን ስታስነሡ መጽሐፉን መስተዋቱ ላይ እንዳይጫኑት ንገሯቸው፤ እየገለጡ በስልክ ፎቶ አንስተው ማተም ይቻላል። ያኔ የውስጥ ኅዳጉን 3 ሳ.ሜ. አድርጋችሁ ካሳተማችሁት የመመረቂያ ጽሑፍ ጠራዡ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ በለመደው መንገድ ይጠርዘው፤ ለዚያ ሥራ ከእሱ የተሻለ ባሕር ዳር ላይ የለም።